ሻንጣ ውስጥ የገባው የጀጎል ቤት

ልጄ ስድስት ዓመት ሊሞላት ነው። ለልደቷ የአሻንጉሊት ቤት ስትል ከርማለች፤ ያንን ሮዝ ፕላስቲክ። እኔ «ውድ ነው» ብዬ ዘግቼዋለሁ። ባለፈው ክረምት እናቴን ለማየት ከቶሮንቶ ብቻዬን ሐረር ስገባ ግን አንድ ሐሳብ ውልብ አለብኝ። የእናቴን ቤት ራሱን በእንጨት ሠርቼ ባስገርማትስ?

እናቴ የምትኖረው ጀጎል ውስጥ፣ በድሮ የሐረሪ ቤት ነው። ልጄ ያን ቤት በስልክ ቪዲዮ ብቻ ነው የምታውቀው።

ሰፈራችን ያለው አናጺ ጋ ሄድኩ። የአሻንጉሊት ቤት ብዙ ጊዜ በ1 ለ12 ልኬት ነው የሚሠራው። 5 ሜትር የሆነ ክፍል 42 ሳንቲም ገደማ ይሆናል፤ 1 ሜትር ከ60 የሆነችው እናቴ ደግሞ 13 ሳንቲም። ወረቀቱን ሳሳየው «አቦ፣ የርግብ ቤት ነው?» አለኝ። ሲገባው መጋዙን አቀበለኝ። «ራስህ ቁረጥ፤ ለልጅህ አይደል?»

መሪ ሲጨብጥ ለኖረ እጅ ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያውን ግድግዳ አጣምሜ ጣልኩት። ሁለተኛውንም። ከውጭ የመጣ ሰው ገንዘብ አያጣም ብሎ ያበላሸሁትን ሁሉ አስከፈለኝ፤ ደግ አደረገ።

ሙሉውን በዋንዛ ነበር ያሰብኩት። ሻንጣዬ ግን 23 ኪሎ ብቻ ነው፤ በርበሬውም ሽሮውም አለ። ስለዚህ ግድግዳው ኮምፔንሳቶ፣ በሩ ብቻ ዋንዛ ሆነ። ተፈታቶ እንዲገባም በኮላ ፋንታ በቪቴ አያያዝነው።

ነደባዎቹን፣ ማለትም እነዚያን ከፍና ዝቅ እያሉ የሚሠሩትን መደቦች፣ ጨርሼ ለእናቴ አሳየኋት። ቆጠረቻቸው።

«አራት ነው የሠራኸው። አምስተኛውስ?»

«የቱ?»

«ከበሩ ኋላ ያለው ነዋ! ስታጠፋ የምትደበቅበት! እሱንም ረሳኸው?»

ረስቼዋለሁ። ወላሂ ረስቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ሥራው የእሷ ሆነ። ቀይ አፈር በጥብጣ ነደባዎቹን ቀባች። መነጽሯን እየጠራረገች ከአለላ የአንድ ብር ሳንቲም የማያክሉ ሰፌዶች ሰፋች። እኔ ለምንጣፍ የሚሆን ጨርቅ ፍለጋ ማኪና ግርግር ወረድኩ፤ በስፌት መኪናዎቹ ጩኸት የተሰየመው መንገድ። አንዱ ልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ ሲመርጥልኝ ቆየና ሒሳብ ስጠይቀው «ለቤት ምረቃ ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

ቶሮንቶ የደረስኩ ሌሊት፣ ልጄ ተኝታ፣ ወጥ ቤት ወለል ላይ ገጣጠምኩት። አንድ ቪቴ ጠፍቶ በስቴኪኒ ተክቼዋለሁ።

ጠዋት ጨርቁን ስገልጥላት መጀመሪያ ያየችው ሰፌዶቹ የተሰቀሉበትን ግድግዳ ነው። አያቷ ስትደውል ሁሌ ከጀርባዋ የሚታየው እሱ ነው።

«የአያቴ ስልክ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች። «ወዲህ በኩልም አለ እንዴ?»

እጇን አስገብታ ስትዳብስ ከበሩ ኋላ ያለውን ነደባ አገኘችው። ማንም ሳይነግራት አሻንጉሊቷን እዚያ አስቀምጣ በሩን ገርበብ አደረገችባት።