ከላይ የተጻፈው ስም፦ የማኅበራችንን ምርጫ ሳስፈጽም ያየሁት ጣጣ

አስመራጭ ኮሚቴ ግቡ ተብላችሁ እሺ ካላችሁ ይህን አንብቡ። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። ሁሉም የሚያወራው ስለ ማኅተም፣ ስለ ሣጥንና ስለ ታዛቢ ነው። ሰው ወረቀቱን ይዞ ሲቆም በጭንቅላቱ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ የሚያነሳ የለም።

ምርጫው የሙያ ማኅበራችን ነበር፤ ሊቀመንበር፣ ገንዘብ ያዥና ኦዲተር የምንመርጥበት። የአባላት መዝገብ ማጥራት፣ ዕጩ መቀበል፣ ታዛቢ መመደብ አሰልቺ ነው እንጂ አይከብድም።

ሰው በማምጣቱ ግን ልኩራራ። ኮሚቴው «ባለፈው ብዙ አባል ቀርቷል፣ አሳፋሪ ነው» የሚል መልእክት እንላክ ብሎ ነበር። እምቢ አልኩ። ሌላው ካልመጣ እኔስ ምን አደከመኝ ነው የሚለው ሰው። በምትኩ እየደወልን «በስንት ሰዓት ትመጣለህ? ከቤት ነው ከሥራ የምትነሳው?» አልን። ከራሴ ያመጣሁት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ፔንሲልቬንያ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ ዕቅዳቸውን እንዲህ በአፋቸው የተናገሩ ሰዎች ይበልጥ ወጥተው መርጠዋል፤ «ትመርጣለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ግን እምብዛም አልፈየደም። የእኛም አዳራሽ ሞላ።

ጣጣው የመጣው ከወረቀቱ ነው።

ለኦዲተርነት 5 ዕጩዎች ነበሩ። እውነቱን እንነጋገርና ኦዲተርን ማን ያውቀዋል? በሊቀመንበሩ ላይ ሁሉም ሲከራከር ከርሟል። ኦዲተር ጋ ሲደርስ ግን ከኋላው ሰልፍ አለ፣ ባዶ መተው ያሳፍራል፣ እና ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈበትን ስም አንብቦ «ይሄ ደግሞ ምን ይለዋል?» ይልና ምልክት ያደርጋል። ሚለርና ክሮስኒክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1992 ኦሃዮ ውስጥ የተካሄዱ 118 ውድድሮችን መርምረው፣ ግማሽ በሚጠጉት ላይ የስም ተራ ድምፅ እንደሚቀይር አግኝተዋል፤ ከላይ መጻፍ በአማካይ 2.5 በመቶ ገደማ ያስገኛል። ይህን ማወቅ የቻሉት ኦሃዮ ተራውን ከቦታ ቦታ ስለምትቀያይር ነው። የአውስትራሊያዋ ታዝማኒያም ከ1980 ወዲህ ስሞችን እያፈራረቀች ታትማለች።

ሰብሳቢያችንን «በ5 ዓይነት እናትመው፣ እያንዳንዱ ዕጩ በአንዱ ላይ ከላይ ይውጣ» አልኳቸው።

«በፊደል ተራ ነው። መመሪያው ነው።»

መመሪያውን አገላብጬ አሳየኋቸው፤ «በግልጽ ቅደም ተከተል» እንጂ ፊደል የሚል ነገር የለበትም። ክርክሩ ተቀየረ፤ ቆጣሪዎች ይምታታባቸዋል ሆነ። እናሰልጥናቸዋ ስል ደግሞ «አባሎቻችን የተማሩ ናቸው፣ በስም ተራ አይታለሉም» አሉኝ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ማን ተታለለ አለ? የተማረም ያልተማረም ስለማያውቀው ሰው ምረጥ ሲባል ያው ነው! ድምፅ ተሰጠበት፣ ተሸነፍኩ፣ ተቃውሞዬን ቃለ ጉባኤ ላይ አስመዘገብኩ። እሱን በማድረጌ ደስ ይለኛል።

ሊቀመንበርነቱን ከታች የተጻፈው በሰፊ ልዩነት ወሰደው። ሰው ያውቀዋላ። ኦዲተርነቱን ግን ከላይ የተጻፈው በጣት በሚቆጠር ድምፅ አሸነፈ። ሁለተኛ የወጣችው አቤቱታ አስገባች፤ መልስ ስጥ ተብዬ የተላክሁት ማን ይመስላችኋል? እኔ! ምን ልበላት? ከላይ ስለተጻፈ ነው ማለት አልችልም፣ አይደለም ማለትም አልችልም። አፈራርቀን አትመን ቢሆን ወረቀቶቹን ለይተን አይተን እናውቀው ነበር። በአንድ ተራ ብቻ ሲታተም ማረጋገጫውም አብሮ ይጠፋል። ሰውየው ጎበዝ ኦዲተር ሊሆን ይችላል፣ ግን ገና ሥራ ሳይጀምር ነው ሐሜቱ የተከተለው።

ስለ ፎቶም ልናገር። «መራጩ እንዲለያቸው» እየተባለ ወረቀቱ ላይ ይለጠፋል። እኔ አይለጠፍ ባይ ነኝ፤ ማንበብ ለማይችል መራጭ ምልክት ይበቃል። በ2009 በወጣ ጥናት፣ ከ5 እስከ 13 ዓመት የሆኑ የስዊዘርላንድ ልጆች የማያውቋቸውን የፈረንሳይ ዕጩዎች ፎቶ ጥንድ ጥንድ እያዩ የመርከብ ካፒቴን እንዲመርጡ ተጠየቁ። 71 በመቶ ያህሉን ጊዜ የመረጡት በእውነተኛው ምርጫ ያሸነፈውን ሰው ነው። ፊት እንዲህ ከሠራ የዕጩው ዕቅድ መቼ ይነበባል?

ስታፈራርቁ ወረቀቱ ጥግ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያላችሁ አሳትሙ፤ ስታድሉም ደባልቁት። በቆጠራ ጊዜ መጀመሪያ በፊደሉ ለዩ፣ የየክምሩን ውጤት ለየብቻ መዝግቡ፣ ከዚያ ደምሩ። ክርክሩን ደግሞ ዕጩዎች ከመታወቃቸው በፊት ጨርሱት። ስሙ ከላይ የሚወጣው ሰው ከታወቀ በኋላ የሚወራው «ይሄ ለማን ወግኖ ነው?» ብቻ ነው፤ እኔም አልቀረልኝም።

የደንብ ማሻሻያውን ጽፌ አስገብቻለሁ። «ይጠናል» ተብያለሁ።