ከብርሃን ሠረቀ እስከ ስግድ፦ የበዓል ማዕድ ስረከብ የተማርኩት

የመጀመሪያው ዓመት ለአይሁድ አዲስ ዓመት የሠራሁት ዶሮ ወጥ ጨው ሆነ። ሃያ አንድ ሰው ተሰብስቦ፣ ባለቤቴ የወይኑን ቡራኬ ብሎ፣ ፖሙ በማር እየተነከረ ከዞረ በኋላ ወጡ ወጣ። ሁሉም አንድ ጉርሻ እንደጎረሰ እጁ ወደ ውሃ ሄደ። እማዬ ቀመሰችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዶሮውን በጨው አጠብሽው?» አለችኝ።

«አዎ፤ አንቺ እንዳስተማርሽኝ፣ በሎሚና በጨው።»

«የሱቁ ዶሮ እኮ ጨው ጠጥቶ ነው የሚመጣ።»

እንዲህ ነው ነገሩ። እዚህ እስራኤል ኮሸር፣ ማለትም በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ፣ ተብሎ የሚሸጥ ዶሮ ደሙ እንዲወጣ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ ጨው ተነስንሶበት አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፣ ከዚያ ታጥቦ ለገበያ ይቀርባል። እኔ ደግሞ በላዩ እንደገና በጨው አሸሁት፤ ወጡ ውስጥም እንደልማዴ ጨው ጨመርኩ። ከዚያ ወዲህ የማጥበው በሎሚና በውሃ ብቻ ነው። ወጡ ሙሉ በሙሉ በስሎ፣ እንቁላሉ ገብቶ፣ ቀምሼ ሳልጨርስ ጨው የሚባል ነገር ድስቱ ጋ አይደርስም። ብዙ ጊዜ ጭራሽ አያስፈልገውም።

የተወለድኩት ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። ግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲወሰድ እኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አሁን የምኖረው ረሆቮት ከተማ ነው። ባለቤቴ እዚሁ የተወለደ ነው፣ ወላጆቹ ከሞሮኮ የመጡ። የበዓሉን ማዕድ ሁልጊዜ የምታዘጋጀው እማዬ ነበረች፤ ጉልበቷ ሲደክም ለእኔ አስረከበችኝ። የተረከብኩት ደግሞ አንድ ማዕድ ብቻ አይደለም። አገር ቤት ብርሃን ሠረቀ የምንለው የአዲስ ዓመት በዓል ሮሽ ሃሻና፣ አስተስርዮ የምንለው የስርየት ጾም ኪፑር፣ በዓለ መጸለት የምንለው የዳስ በዓል ሱኮት፣ በመጨረሻም የቤተ እስራኤል የጾምና የጸሎት በዓል ስግድ፤ ሁሉም በሁለት ወር ውስጥ ይደራረባል። አገር ቤት ብርሃን ሠረቀ አንድ ቀን ነበር፤ እዚህ ግን ሁለት ቀን ይከበራል። ያ አንድ ተጨማሪ ቀን ለሚያበስል ሰው ብዙ ነው።

ወደ ዶሮው ልመለስ። በኮሸር ሕግ ሥጋና ወተት አይገናኙም፣ ዶሮም ከሥጋ ይቆጠራል። ስለዚህ ንጥር ቅቤ የለም፤ አይብም ከጎኑ አይቀርብም። ሁለት ዓመት ያህል ቅቤውን ትቼ ዝም ብዬ በዘይት ሠራሁት። ወጡ ቀይ ነው፣ ያቃጥላል፣ ግን ክዳኑ ሲከፈት ቤቱን የሚሞላው ያ ሽታ የለም። ቆይቶ ነው የገባኝ፦ ያ ሽታ ግማሹ የቅቤው ሳይሆን ቅቤው ሲነጠር የሚገባበት ቅመም ነው። ታዲያ ዘይቱን ለምን እንደ ቅቤ አላነጥረውም?

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ግማሽ ሊትር ዘይት በጣም ዝቅ ባለ እሳት ላይ አሞቃለሁ። አንድ እፍኝ ኮሰረት፣ ትንሽ በሶብላ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሸክሸክ የተደረገ ኮረሪማ እጨምራለሁ። ዘይቱ ጠርዙ ላይ ትንንሽ አረፋ ያወጣል እንጂ መፍላት የለበትም። አሥራ አምስት ደቂቃ ሲሆነው አንድ የሻይ ማንኪያ አብሽና ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ አስገብቼ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እሳቱን አጠፋለሁ። አብሽን መጀመሪያ ካስገባችሁት ያርርና ዘይቱን ያመርረዋል፤ አንድ ሙሉ ጠርሙስ በዚህ ምክንያት ደፍቻለሁ። ሲቀዘቅዝ በነጠላ ጨርቅ አጠለዋለሁ። ይህን ዘይት ከበዓሉ ሳምንት በፊት ማዘጋጀት ይሻላል፤ ባረፈ ቁጥር ሽታው ይጠነክራል።

ለሁለት ዶሮ ሦስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ በቢላ። በማሽን የተፈጨ ሽንኩርት ውሃውን ይለቅና ከመቁላላት ይልቅ ይቀቀላል፤ ወጡም ጥሬ ጥሬ ይላል። ያለ ዘይት አርባ አምስት ደቂቃ ያህል አቁላላዋለሁ፤ ሽንኩርቱ ቅርጹ ጠፍቶ፣ ማማሰያው ሲያልፍ የድስቱ ታች ለአፍታ መታየት ሲጀምር ዘይቱ ይገባል። ከዚያ በርበሬው። ከበርበሬው በኋላ ውሃ ጠብ እያደረግሁ ሌላ አርባ ደቂቃ። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ምንም መላ አላገኘሁም፤ አሁን መፈለጉንም ትቻለሁ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ፣ የዶሮው ብልቶች፣ በመጨረሻ መከለሻው ይከተላሉ። ሁሉም በዋዜማው ከሰዓት በፊት ያልቃል። በበዓሉ ቀን ከተለኮሰ እሳት ማብሰል ቢፈቀድም አዲስ እሳት መለኮስ አይቻልም፤ የኤሌክትሪክ ምጣድም አይበራም። ወጡ ፕላታ በሚባለው፣ ከበዓሉ በፊት በሚበራው የምግብ ማሞቂያ ላይ እንደተቀመጠ ያመሻል፤ ያደረ ዶሮ ወጥ ደግሞ ከትኩሱ እንደሚበልጥ ለጎንደሬ መንገር አያስፈልግም።

እንጀራው ሌላ ትምህርት ሰጥቶኛል። እዚህ መስከረም ገና በጋ ነው። በአገር ቤት ልማድ ሦስት ቀን ያቦካሁት የጤፍ ሊጥ በረሆቮት ሙቀት ኮምጥጦ ለመብላት አስቸገረ። አሁን ከአንድ ቀን ተኩል አላሳልፈውም፤ እርሾውንም በግማሽ ቀንሻለሁ። ሲጋገር እያንዳንዱ በደንብ ቀዝቅዞ ነው የሚደራረበው፤ አለበለዚያ በሁለተኛው ቀን ሻጋታ ያወጣል።

የአማቴ ቤት የሮሽ ሃሻና ምሽት የሚጀምረው በምልክቶች ነው። ቴምር፣ ባሮ ሽንኩርት፣ የቀይ ሥር ቅጠል፣ ዱባ፣ ሉቢያ፣ ሮማን፣ የዓሣ ራስ በየተራ ይነሣሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ከስሙ ጋር የሚገጥም ጸሎት ይባላል። ባሮ ሽንኩርት በጥንቱ የአራማይክ ቋንቋ ካርቲ ነው፤ «ይካርቱ»፣ ጠላቶቻችን ይቆረጡ ይባልበታል። ዱባው ቃራ ነው፤ የተፈረደብን ክፉ ፍርድ ይቀደድ። በዓሣው ራስ ላይ ደግሞ «ራስ እንጂ ጅራት አታድርገን»። ልማዱ ጥንታዊ ነው፤ መሠረቱ በባቢሎን ታልሙድ፣ በአይሁድ ሊቃውንት የትምህርት መጽሐፍ፣ የሚገኝ አባዬ የተባለ ሊቅ ቃል ነው።

መጀመሪያ አማቴን ለማስደሰት ብዬ የሳቸውን አሠራር ቃል በቃል ተከተልኩ። እማዬ ማዕዱ ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጠች፤ ሰሃኑ ሲዞር ቀምሳ ታሳልፋለች እንጂ አትበላም። ያ አንጀቴን በላው። በሚቀጥለው ዓመት እነዚያኑ ምልክቶች በእኛ እጅ ሠራኋቸው። ዱባው ዱባ ወጥ ሆነ፣ በበርበሬና በዚያው በነጠርኩት ዘይት። የቀይ ሥሩን ቅጠል እንደ ጎመን በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ጠበስኩት። ሉቢያውን አልጫ አደረግሁት። ባሮ ሽንኩርቱን ለሁለት ሰንጥቄ፣ በየንብርብሩ አሸዋና ትል እንዳይቀር በሚወርድ ውሃ አጥቤ፣ ከካሮትና ከድንች ጋር አበሰልኩት። ሁሉም በአንድ ትሪ እንጀራ ላይ ወጣ። ጸሎቱን ባለቤቴ በዕብራይስጥ ይላል፣ እኛ ከትሪው እንቆርሳለን።

ማሩ ላይ ሲደረስ እማዬ ማንም ሳይጠይቃት «ማር፤ ይማረን» አለች። ልጄ ለአያቷ ተረጎመችላቸው፦ ማር የሚጣፍጠው ነው፣ ይማረን ደግሞ ኃጢአታችንን ይቅር ይበለን። አማቴ ሁለት ጊዜ አስደገሙና ራሳቸውም «ይማረን» አሉ። አሁን በቤታችን ማር ሲነሣ ሞሮኮውም ጎንደሬውም የሚለው ይህንኑ ነው። በዓል የምታዘጋጁ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ እናቶቻችሁን ምን እንደሚሉ ጠይቋቸው። ድስቱ ላይ ብቻ ካተኮራችሁ እንዲህ ያለው ነገር ያመልጣል።

ዳቦው የማር ዳቦ ነው። ሁለት ኪሎ ተኩል ዱቄት፣ አንድ ብርጭቆ ማር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሱቅ እርሾ፣ ጨው፣ ትንሽ ዘይት፣ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ለብ ያለ ውሃ። ዱቄቱ ብዙ ስለሆነ በአይሁድ ሕግ መሠረት ከሊጡ ቆንጥሬ አወጣና ቡራኬውን እላለሁ። የመጀመሪያውን በ220 ዲግሪ አስገባሁት፤ ማር ቶሎ ስለሚጠቁር ላዩ ከሰል መስሎ መሐሉ ሊጥ ሆኖ ወጣ። አሁን ሊጡን በሁለት ሰፊ መጋገሪያ ከፍዬ፣ ለመጀመሪያው አርባ ደቂቃ በፎይል ሸፍኜ፣ በ170 ዲግሪ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ አቆየዋለሁ። ሥሩን በጣቴ ሳንኳኳው ባዶ ከበሮ የመሰለ ድምፅ ካሰማኝ በስሏል። አገር ቤት በኮባ ቅጠል ነበር የሚጠቀለለው፤ እኔ የመጋገሪያ ወረቀት ነው የምጠቀመው። ለልጆቹ ከዳቦው ጋር ብርዝ እበጠብጣለሁ።

ለኪፑር ምግቡ ትንሽ ነው፣ ጥንቃቄው ግን ብዙ። ጾሙ 25 ሰዓት ያህል ነው፤ ውሃም የለም። አንድ ዓመት ከጾሙ በፊት በርበሬ ያለበት ወጥ አቅርቤ ቤተሰቡን በሙሉ ለውሃ ጥም ዳረግሁት። አሁን የዋዜማው ማዕድ የዶሮ አልጫ ነው፤ እርድና ዝንጅብል ብቻ፣ ጨው የለሽ ማለት ይቻላል። ቡናውንም ከሳምንት በፊት ጀምሬ እቀንሳለሁ። ሦስት ስኒ የለመደ ሰው በአንድ ቀን ሲያቆም ቀትር ላይ ራሱን ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ በረካው ይቀራል፣ ከዚያ ቶናው፣ በዋዜማው አቦል ብቻ። ጾሙ ሲፈታ ተልባ በማር እናቀርባለን፤ ባዶ ሆድ ላይ እንደሱ የሚለሰልስ የለም።

ለሱኮት የማበስለው ከቤት ወደ ዳሱ ለመሸከም የሚመች ነገር ነው፤ ቅቅል፣ ጥብስ፣ በማግሥቱ ፍርፍር። የዳሱ ጣሪያ ቅጠል ስለሆነ ይረግፋል፤ ጎረቤቶቼ ሰሃናቸውን በናፕኪን ሲሸፍኑ እኛ መሶባችንን ከድነን እናወራለን። በዓሉ ሲያልፍ የተባረከበትን ትርንጎ እንደ አንዳንድ ጎረቤቶቼ ማርማላታ ላደርገው ብዬ ነበር። አንድ ሻጭ ግን ለመልኩ እንጂ ለመብል ስለማይተከል ብዙ መድኃኒት እንደሚረጭበት ነገረኝ። አሁን ያልተረጨ ጠይቄ ነው የምገዛው። በስሱ ቆራርጬ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድረዋለሁ፣ ሦስት ጊዜ አፍልቼ ውሃውን እደፋለሁ፣ ከዚያ በክብደቱ ልክ ስኳር። ውሃው ካልተደፋ ምሬቱ አይወጣም።

ስግድ ከኪፑር በኋላ በሃምሳኛው ቀን ነው፣ በዕብራውያን አቆጣጠር በወርኃ ሔሽቫን 29። ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሕግ የታወቀ የመንግሥት በዓል ነው። ከረሆቮት በአውቶቡስ ወደ ኢየሩሳሌም እንወጣለን። አርሞን ሃናጺቭ በሚባለው ሰፈር ያለው አደባባይ ላይ የቤተ እስራኤል ቄሶች በጃንጥላ ሥር ኦሪት ያነባሉ፤ ጸሎቱ እስኪያልቅ ጾም ነው። ስለዚህ የምይዘው የማይደፋና ቢቀዘቅዝም የሚበላ ነው፤ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ደረቅ ያለ የቋንጣ ፍርፍር።

ባለፈው ስግድ ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ሣሩ ላይ ነጠላ አንጥፈን ተቀመጥን። እማዬ ከዳቦው ቆርሳ መጀመሪያ ለልጄ፣ ቀጥላ ለአማቴ ሰጠች። የራሷን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው፤ ጥቁር አዝሙዱን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች ቆየችና «ኮባ ቢነካው ኖሮ የአገራችን ነበር» አለች። በማግሥቱ ሐሙስ ጎረቤቴን ከጓሮዋ ሦስት የሙዝ ቅጠል ለመንኳት። እሳት ላይ ለብ ሳደርገው ተለሳለሰ፤ ለሰንበት የጋገርኩት ዳቦ በእሱ ተጠቅልሎ ገባ። ዓርብ ማታ እማዬ ቅጠሉን ራሷ ገልጣ፣ እንፋሎቱ እስኪያልቅ ፊቷን ከላዩ አላነሣችም።