የትኛው ሰሜን ሸዋ? ከሩቅ ሆኖ የአገር ቤትን ፖለቲካ ለመከታተል

ውጭ አገር የምንኖር የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ ስልካችን ላይ «በሰሜን ሸዋ…» ብሎ የሚጀምር ሰበር ዜና ባየን ቁጥር ቀድሞ ትዝ የሚለን ቤተሰብ ነው። ቀድሞ መምጣት ያለበት ግን አንድ ጥያቄ ነው፤ የትኛው ሰሜን ሸዋ? በዚህ ስም የሚጠሩ ዞኖች ሁለት ናቸው። አንዱ አማራ ክልል ውስጥ ነው፣ መቀመጫው ደብረ ብርሃን። ሌላው ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው፣ መቀመጫው ፍቼ። ይዋሰናሉ፤ የሚያስተዳድራቸው ክልልና መግለጫ የሚሰጥላቸው ቢሮ ግን ለየቅል ነው። ደራ ሲባል ደግሞ ይብሳል። አንዱ ደራ በፍቼ በኩል ያለው ወረዳ ነው፤ ሌላው ደራ ደቡብ ጎንደር ነው። ወረዳና ቀበሌ ያልጠቀሰ ዜና ገና ዜና አልሆነም፤ ለቤተሰብ ቴሌግራም ከመላኩ በፊት ትንሽ ይቆይ።

ሁለተኛው ወጥመድ የቀን አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ በ7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን በ8 ዓመት ይዘገያል። «አዋጅ ቁጥር 1183/2012» እና «1183/2020» አንድ አዋጅ ናቸው። ሁለት ሕግ መስሏቸው ሲከራከሩ የሚያመሹ ሰዎች አሉ። የሚቆጠረው ከመስመሩ በፊት ያለው ቁጥር ነው፤ ከመስመሩ በኋላ ያለው ዓመት ነው። ሰዓትም እንደዚያው ነው። ደብረ ብርሃን ያለ ሰው «ሁለት ሰዓት ላይ ተኩስ ነበር» ሲል ጠዋት ከሆነ በፈረንጅ 8 ሰዓት፣ ማታ ከሆነ 20 ሰዓት ማለቱ ነው። ይህን ሳያስተካክል የሚጽፍ ሰው አንዱን ክስተት ሁለት ያደርገዋል።

«የማያዳላ ምንጭ ንገሩን» የሚለው ጥያቄ በየማኅበሩ ስብሰባ ይነሳል። ቁርጥ ያለው መልስ፣ እንዲህ ያለ አንድ ምንጭ የለም የሚል ነው። ያለው ወደየት እንደሚያዘነብል አስቀድሞ የሚታወቅ ምንጭ ነው። ገበያ ላይ ሚዛኑ ሩብ ኪሎ እንደሚያጎድል ካወቅህ እህልህን መግዛት ትችላለህ፤ ችግሩ የሚያጎድለውን ሳታውቅ ስትገዛ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ማንም ያልተረጎመው ጽሑፍ ይነበባል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት 106 አንቀጽ ነው፣ በሁለት ምሽት ያልቃል። የፌዴራል አዋጆች በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይወጣሉ፤ ግራው አማርኛ፣ ቀኙ እንግሊዝኛ ነው፣ ሁለቱ ቢጋጩ የሚጸናው አማርኛው ነው። የአማራ ክልል ሕጎች ዝክረ ሕግ በተባለው ጋዜጣ ይታተማሉ። የኦሮሚያው ጋዜጣ መገለታ ኦሮሚያ ይባላል።

የሕግ ዜና ስታነብ ግሱን ተመልከት። «ረቂቁ ተመራ» ማለት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ወይም ቋሚ ኮሚቴ ዘንድ እየተዘዋወረ ነው ማለት እንጂ ሕግ ሆነ ማለት አይደለም። «ጸደቀ» ማለት ምክር ቤቱ ድምፅ ሰጠበት ማለት ነው። ከዚያ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማል፤ ባይፈርምም ሕግ ይሆናል። ከሥር ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ፣ ከደንቡም ሥር የየመሥሪያ ቤቱ መመሪያ አለ። ሰው የሚጉላላው አብዛኛውን ጊዜ በመመሪያ ነው። ቅድም የጠቀስነው አዋጅ 1183 ደግሞ መመሪያ ሳይመዘገብና ለሕዝብ ሳይገለጽ ተፈጻሚ እንዳይሆን ይከለክላል። መስኮት ላይ «አዲስ መመሪያ ወጥቷል» ሲባል «ቁጥሩ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት ሊታይ ይችላል፣ ግን መብት ነው።

ይህ ለኛ ለውጭ ነዋሪዎች ምን እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ ይበቃል። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ መምረጥ ይችላል አይችልም የሚለው ክርክር በየምርጫው ዋዜማ ይመለሳል፤ አንዱ ይችላል ይላል፣ ሌላው ዩቲዩብ ላይ ሰምቶ ይደግመዋል። መልሱ ያለው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ላይ ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሌላ አገር ዜጋ በየትኛውም ደረጃ መምረጥና መመረጥ አይችልም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይም በቋሚነት አይቀጠርም። ሌላ ብዙ መብት ግን ይሰጠዋል። ሰነዱ ጥቂት ገጽ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው እንዲህ ያለውን ሳያነቡ መከራከርን ነው።

ሌላ ምሳሌ፤ የ2015ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሐምሌ 28 አወጀው፣ የተወካዮች ምክር ቤት ነሐሴ 8 አጸደቀው። በዚያን ሰሞን «ፓርላማው እረፍት ላይ ስለሆነ አዋጁ ሕጋዊ አይደለም» ብሎ የሚሟገት አይጠፋም ነበር። አንቀጽ 93ን የከፈተ ሰው ግን ነገሩን በአምስት ደቂቃ ይጨርሰዋል፦ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብለታል፤ የሚጸድቀው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው፤ ዕድሜው እስከ ስድስት ወር ነው፣ ከዚያ በየአራት ወሩ ሊታደስ ይችላል። ጥር 24 ቀን 2016 የተራዘመውም ለአራት ወር ነበር። አዋጁ ተገቢ ነበር አልነበረም ሌላ ክርክር ነው፤ ሥርዓቱን ማወቅ ግን ለደጋፊውም ለተቃዋሚውም እኩል ይጠቅማል።

ወደ መገናኛ ብዙኃን ስንመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ደሞዙን ማን ይከፍላል?» ነው። ኢቢሲ ተጠሪነቱ ለተወካዮች ምክር ቤት ነው። አዲስ ዘመን የመንግሥት ጋዜጣ ነው። አሚኮ የአማራ ክልል መንግሥት፣ ኦቢኤን የኦሮሚያ ክልል ነው። ከነዚህ ላይ ባለሥልጣን ምን አለ፣ በጀት ስንት ሆነ፣ ማን ተሾመ የሚለውን ውሰድ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ምን ቅሬታ እንዳለ ግን ከነሱ አትጠብቅ። ዶቼ ቬሌ የአማርኛ ስርጭቱን ከ1957 ጀምሮ የሚያሰራጨው በጀርመን መንግሥት በጀት ነው። ቢቢሲ አማርኛ የተጀመረው በ2010 ነው፣ ገንዘቡ ከብሪታንያ ነው። እነዚህ ከአገር ውስጡ ፖለቲካ ራቅ ስለሚሉ ለሁለቱም ወገን ስልክ ይደውላሉ። ድክመታቸው ግን ራሱ ያው ስልክ ነው። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንዳየነው፣ መስመሩ ሲጠፋ እነሱም ይጠፋሉ፤ ወይም በአንድ «ስማቸው እንዲገለጽ ያልፈለጉ ነዋሪ» ላይ ይንጠለጠላሉ። የውጭ ገንዘብም ዋስትና አይደለም፦ በመጋቢት 2017 የአሜሪካ መንግሥት የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞችን በግዳጅ ፈቃድ ሲያስወጣ የአማርኛው ክፍልም አልተረፈም። ዩቲዩብ ላይ ያሉት ደግሞ የሚከፈላቸው በተመልካች ቁጥር ነው፤ የተረጋጋ ቀን ለነሱ የከሰረ ቀን ነው። ዝግጅቱን በገንዘብ ማሰባሰቢያ የሚጨርስ ተንታኝ፣ ሰላም ወረደ የሚል ዜና እንዲያበስርህ አትጠብቅ።

አሁን ወደ ቋንቋው እንምጣ፤ ብዙው ማዳላት ያለው እዚህ ነው። አማርኛ ሟቹን በግስ ይከፋፍለዋል። «ተሰዋ» ከተባለ የጸሐፊው ወገን ነው። «ተደመሰሰ» ከተባለ ጠላቱ ነው። «ተጨፈጨፈ» ገዳዩን ይከስሳል፤ «ሕይወቱ አለፈ» ገዳዩን ይሸሽጋል። ከሁሉም ቀዝቀዝ ያለው «ተገደለ» ነው። «ግጭት ተከሰተ» የሚለውም አድራጊውን ይሸሽጋል፣ ግጭት እንደ ጉም ከተርማ በር ገደል ተነሥቶ የሚመጣ ይመስላል። ስያሜውም እንዲሁ ነው፦ መንግሥት «ሸኔ» የሚለው ራሱን «የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት» ይላል፤ መንግሥት «ጽንፈኛ» የሚለው ራሱን «ፋኖ» ይላል። ስሙን ያየ ሰው ጸሐፊው የት እንደቆመ ያውቃል።

ስለዚህ ሁለት ዜና ጎን ለጎን አስቀምጠህ ስያሜውንና የሚያዳላውን ግስ ሰርዝ። አንዱ «በእገሌ ቀበሌ ጽንፈኞች ተደመሰሱ» ይላል እንበል። ሌላው «በእገሌ ቀበሌ ንጹሐን ተጨፈጨፉ» ይላል። ከሁለቱም የሚተርፈው «በእገሌ ቀበሌ ሰዎች ሞተዋል» ነው። እስከዚህ ሁለቱም ይስማማሉ፤ ሟቾቹ እነማን ናቸው የሚለው ገና አልተረጋገጠም። «ተብሏል»፣ «ተሰምቷል»፣ «ተገልጿል» የሚሉትንም ክበባቸውና ማን አለ፣ ለማን ተገለጸ ብለህ ጠይቅ። ባለቤቱን ካላገኘህ ዓረፍተ ነገሩን አውጣው። አንዳንዱ ዜና ከዚህ በኋላ ርዕሱ ብቻ ይቀራል።

የሟች ቁጥርን በተመለከተ ከኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) እና ከኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) የሚማሩት ነገር አለ፦ «ቢያንስ» የምትለዋን ቃል። ኢሰመኮ በአዋጅ የተቋቋመ የመንግሥት ተቋም ነው፣ ኢሰመጉ ከ1984 ጀምሮ ያለ ሲቪል ድርጅት ነው። ሁለቱም የሚጽፉት ያረጋገጡትን ዝቅተኛ ቁጥር ነው፤ ለዚህም ይዘገያሉ፣ አንዳንዴ ሳምንታት። ክስተቱ በሆነ በሦስተኛው ሰዓት የተቆረጠ ቁጥር ይዞ የመጣ ሰው ግን ቆጥሮ አይደለም። የሕዝብ ብዛትና የብሔር ስብጥር ክርክርም እንደዚሁ ነው። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው። በዚያ ቆጠራ የአማራው ሰሜን ሸዋ ወደ 1.8 ሚሊዮን፣ የኦሮሚያው ወደ 1.4 ሚሊዮን ሕዝብ ነበረው። ሕገ መንግሥቱ ቆጠራው በየ10 ዓመቱ ይካሄድ ቢልም አልተካሄደም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የሚነገር ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው።

የመንግሥትን ጉድ የሚያወጣ የመንግሥት ምንጭም አለ፤ የፌዴራል ዋና ኦዲተር። በየዓመቱ ለተወካዮች ምክር ቤት የሚያቀርበው ሪፖርት የትኛው መሥሪያ ቤት ያለ ደጋፊ ሰነድ ስንት እንዳወጣ ይዘረዝራል። ጩኸት የለውም፣ ሰበርም አይባል፤ ስለ መንግሥት አሠራር መማር የሚፈልግ ሰው ግን ከመቶ ሰዓት የቀጥታ ስርጭት ይልቅ አንዱን ሪፖርት ቢያነብ ያተርፋል።

ፎቶና ቪዲዮ ላይ እኛ የአካባቢው ልጆች ከማንም የተሻለ ዓይን አለን፣ አንጠቀምበትም እንጂ። መንዝ፣ ከነከተማው መሐል ሜዳ፣ ደጋ ነው፦ የድንጋይ ቤት፣ በርኖስና ባና። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ቆላ ናቸው፦ ማሽላ፣ ማሾ፣ ሙቀት። «ዛሬ ማለዳ መሐል ሜዳ» የተባለ ቪዲዮ ላይ ሰው ሁሉ በከነቴራ ከሆነ ተጠራጠር። የሱቅ ማስታወቂያ ጽሑፍ ተመልከት፦ ደብረ ብርሃን አማርኛ ነው፣ ፍቼና ከሚሴ ላይ ቁቤ ታያለህ። የመኪና ታርጋ ላይ «አማ»፣ «ኦሮ»፣ «አአ» የሚለውም ይረዳል፣ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ መኪና ይጓዛል። ከዚያ ፎቶውን ጎግል ላይ በምስል ፈልግ። በ2013 ሚያዝያ አጣዬ ስትቃጠል የተነሣ ፎቶ በሌላ ዓመትና በሌላ ከተማ ስም ቢመጣ በዚህ ይያዛል። ቴሌግራም ላይ የተላለፈ መልእክት ከሆነ አናቱ ላይ ያለውን የመጀመሪያ ገጽ ስም ተጭነህ ተከተል። አምስት ገጽ ያወራው ነገር ብዙ ጊዜ ከአንድ ገጽ የተቀዳ ነው፤ አምስት ምንጭ አይደለም፣ አንድ ነው።

የመጨረሻው ምንጭ ስልክ ነው፣ ጥንቃቄም የሚያስፈልገው እሱ ነው። አገር ቤት ያለን ሰው ስለ ታጣቂና ስለ መንግሥት አስተያየት በስልክ አትጠይቀው፤ መልሱ አንተን አይጠቅምህም፣ እሱን ግን ሊጎዳው ይችላል። ያልተረጋገጠ ነገር እንዲያሰራጭም አትላክበት፦ አዋጅ 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትን ያስቀጣል፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። ይልቅ የኑሮ ጥያቄ ጠይቅ። ከመናኸሪያው ወደ አዲስ አበባ መኪና ወጥቷል? ወደ ደሴስ ይሻገራል ወይስ ደብረ ሲና ላይ ይቆማል? ልጆቹ ትምህርት ቤት ሄደዋል? ገበያው ውሏል? ጤፍ ስንት ገባ? መንገዱ ከተዘጋ፣ ዋጋው ከትናንት ወዲያ ዘልሎ ከሆነ፣ ማንም ሳይነግርህ ታውቀዋለህ። ስለ አንድ ነገር ሲያወሩልህም በአክብሮት አንድ ነገር ብቻ ጨምር፦ «ጋሼ፣ ይሄን ያዩት ነው ወይስ ሲባል የሰሙት?» አብዛኛው ሰው ሳይቀየም ይመልሳል፤ «ኧረ ልጄ፣ ሲባል ነው እንጂ» ካሉህ ያንን ወሬ ከየት እንደሰሙት ጠይቅ። ብዙ ጊዜ ፌስቡክ ላይ ካንተው ከተማ ከተጻፈ ነገር ነው የሰሙት።