ዓይኑን ስጧቸው፣ ፊቴን ተዉልኝ

ድሮ የሕክምና መጽሔት ላይ የታካሚ ፎቶ ሲወጣ ዓይኑ ላይ ጥቁር መስመር ይደረግበት ነበር። ማንነቱ እንዳይታወቅ ነው። ዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ኮሚቴ ይህ በቂ መከላከያ እንዳልሆነ በመመሪያው ጽፏል። እኛ የዓይን ክፍል ሰዎች ግን መስመሩን እንጠቀም ብንልም አንችልም። ዓይኑን ሸፍነን ምን ልናሳይ ነው?

ሥራዬ ሐረር ውስጥ በአንድ የዓይን ክፍል የምርምር ጽሑፎችን ወደ ጆርናል መላክ ነው። ሐኪሞቹ ይጽፋሉ። እኔ ፎርማቱን አስተካክላለሁ፣ የጸሐፊዎቹን ስም ቅደም ተከተል አስይዛለሁ (የዚህ ጣጣ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል)፣ ከዚያ ሰብሚት አደርጋለሁ። ኢሜይሌ «ክቡር ፕሮፌሰር» በሚሉኝ አስመሳይ ጆርናሎች የተሞላ ነው። ገንዘቡን ላክልን እንጂ ጽሑፉ በሳምንት ይወጣልሃል ይሉኛል። ፕሮፌሰር ቀርቶ ማስተርሴንም ገና አልጨረስኩም። ትክክለኞቹን ዲኦኤጄ በሚባለው የክፍት ጆርናሎች (ማንም በኢንተርኔት በነፃ የሚያነባቸው) ማውጫ ላይ አጣራለሁ። ብዙዎቹ እንደ ኢትዮጵያ ላሉ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የኅትመት ክፍያውን ይተዋሉ። ግን ጥያቄው ጽሑፉ ሲላክ መቅረብ አለበት። ተቀባይነት ካገኘ በኋላ «የለንም» ማለት ብዙ ቦታ አይሠራም።

ይቺ ገጠመኝ የአንድ ኬዝ ሪፖርት፣ ማለትም የአንድ ታካሚን ሕመምና ሕክምና የሚተርክ ጽሑፍ ናት። ታካሚዋ የጀጎል፣ በግንብ የታጠረችው የጥንቷ ሐረር ነዋሪ ናቸው። እማማ ልበላቸው። የበር መዝጊያ ዓይናቸውን መቷቸው፣ ድሮም ሞራ ያነጣው ሌንስ ቦታውን ለቆ ከብሌኑ ፊት መጥቶ ተቀምጧል። ፎቶው ላይ ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ ይመስላል። ሌንሱ እዚያ ሲገባ የዓይን ውስጥ ፈሳሽ መውጫ አጥቶ ግፊቱ ይጨምራል፤ ሕመሙ አያስቀምጥም። በአስቸኳይ ተሠርቶላቸው ወጣ። የሌላኛው ዓይናቸው ሞራም በኋላ ተገፎ ሰው ሠራሽ ሌንስ ገባላቸው።

ጽሑፉን ላክነው። ሪቪወሮች (ጽሑፉን የሚገመግሙት ባለሙያዎች) ጋ እንኳን ሳይደርስ ተመለሰ። የታካሚዋ የኅትመት ፈቃድ የታለ?

«ፈርመዋል እኮ!» አለ ዶክተሩ። የፈረሙት ግን ለቀዶ ሕክምናው ነው። ዓይኔን ሥሩልኝ ማለት ፎቶዬን ለዓለም አሳዩልኝ ማለት አይደለም።

«አንድ ዓይን ነው። ማን ያውቃቸዋል?»

ፎቶውን አሰፋሁለት። በስልክ የተነሳ ነው። ቅንድባቸው አለ፣ የሻሻቸው ጠርዝ አለ፣ ከዓይናቸው ሥር ጉልህ ያለች ማርያም የሳመቻት ምልክት አለች። ፋይሉ ራሱ በስማቸውና በካርድ ቁጥራቸው ነበር የተቀመጠው፤ ያንን ከመላኬ በፊት ቀይሬዋለሁ። ዶክተሩ ዝም አለና «በል እንግዲህ ሂድ» አለኝ።

የልጅ ልጃቸው መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ልብስ ሰፊ ነው። ማሽኑን አቁሞ ቤት ድረስ ወሰደኝ። ነደባው (የሐረሪ ቤት መደብ) ላይ አስቀመጡኝ፣ ሆጃ (የቡና ቅጠል ሻይ) ቀረበልኝ፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባን። ፎርሙ እንግሊዝኛ ነው። እኔ ወደ አማርኛ፣ ልጁ ወደ ሐረሪኛ እየመለስን አንድ በአንድ ነገርናቸው። ስምዎ አይጻፍም። ሆኖም ማንም አያውቅዎትም ብለን ዋስትና መስጠት አንችልም። ከመታተሙ በፊት ሐሳብዎን መቀየር ይችላሉ፤ ከታተመ በኋላ ግን አይመለስም።

«ማን ነው የሚያየው?»

«ሐኪሞች፣ እማማ።»

«ሐኪሞች ብቻ?»

«ኢንተርኔት ያለው ሁሉ።»

«ይሄም?» ወደ ልጁ ስልክ ጠቆሙ።

«እሱም።»

«ጎረቤትስ?»

ክፍት ጆርናልን ለብዙ ሰው አስረድቻለሁ፤ እንዲህ በቶሎ የገባው ግን አላየሁም። ክፍትነቱን እኔ እወደዋለሁ። ሐረር ቁጭ ብለን ያለ ክፍያ የምናነበው በእሱ ነው። ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት ሲሲ ባይ የሚባለው የአጠቃቀም ፈቃድ (ላይሰንስ) ግን ምንጩን እስከጠቀሰ ድረስ ማንም እንዲገለብጠው፣ እንዲተረጉመው፣ እንዲሸጠውም ይፈቅዳል። አንዴ ከተሰጠ ደግሞ አይነጠቅም።

«እስቲ አሳየኝ» አሉ። ስልኩን አቀረቡት፣ አራቁት።

«ይሄማ እኔ ነኝ! ይቺን ምልክት የማያውቅ ጀጎል ውስጥ ማን አለ? ሻሼስ ይሄ ምንድን ነው? ወላሂ እንዲህ ሆኜ ከቤት ወጥቼ አላውቅም።» ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ኮስተር አሉ። «ዓይኑን ስጧቸው። ፊቴን ተዉልኝ።»

እዚያው ፊታቸው ስልኩ ላይ መቁረጥ ጀመርኩ። ቅንድቡ ወጣ። «ጨምር።» ምልክቷ ወጣች። «ጨምር።» የቀረው ዓይኑና የሽፋሽፍቱ ጫፍ ብቻ ሆነ። «አሁን የማንም ዓይን ነው» ብለው እስክሪብቶ ጠየቁ።

እኔ ለጣት አሻራ የማኅተም ቀለም ይዤ ነበር የሄድኩት። የቀዶ ሕክምናው ፎርም ላይ ያለው የጣት አሻራ ነዋ። እማማ ቀለሙን አይተው ፎርሙን ከእጄ ወሰዱ፤ በዓረብኛ ፊደል ስማቸውን ቀስ ብለው፣ አሳምረው ጻፉ።

«ያን ጊዜ ስለማላይ ነው ጣቴን ቀለም ያስነከራችሁኝ። መጻፍማ ድሮም እችላለሁ።»

ይቺን ለዶክተሩ ስነግረው እንደመጀመሪያው አልተከራከረኝም። ጣታቸውን ሲያስነኩ በሕመም እየተንገላቱ ነበር፤ የወረቀቱን ፊትና ጀርባ እንኳን መለየት አይችሉም ነበር። ለአስቸኳይ ሥራ ይሁን፤ ሌላ ምን አማራጭ አለ? የኅትመት ፈቃድ ግን አያስቸኩልም። ፋሻ ተፈቶ፣ ሰውየው ፎቶውን በራሱ ዓይን አይቶ ይወስን።

በፎቶው መቆረጥ ግን አጉረምርሟል። የዓይን ቆቡ እብጠት ሳይታይ ቀረ፤ በጽሑፍ ገለጽነው። ሪቪወሮቹም ስለ እብጠቱ ትንፍሽ አላሉም። የጠየቁት የዓይን ግፊቱ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ስንት እንደነበር ነው። እሱን ሞልተን ላክን፣ ወጣልን።

አሁን ፎርሙ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሐረሪኛ ተዘጋጅቷል። የምናስፈርመው ለክትትል ሲመለሱ ነው፤ የተቆረጠውን ፎቶ አሳይተን። የማይመለስ ታካሚ አለ፤ ያ ኬዝ ይቀራል። ዶክተሩ ይቆጨዋል። እኔ ብዙም አይቆጨኝም።

ያልተስማማንበት የሕፃናት ታካሚዎች ጉዳይ ነው። በዱላ ጫፍ ዓይኑ የተወጋ የስምንት ዓመት ልጅ ኬዝ አለን። አባቱ ፈርሟል፤ ጆርናሉም ከዚህ በላይ አይጠይቅም። ዶክተሩ «በቃ፣ ላከው» ይላል። እኔ ልጁም ፎቶውን ይየውና ይጠየቅ ባይ ነኝ። የሚመጣው ሰኞ ነው፤ እስከዚያ ሰብሚት አላደርግም።