ይቺን ፓነል ማን ይዝጋት?

ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ መድኃኒት ቤት የሽያጭና የስቶር ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። ሰሞኑን ብዙ ያሳሰበኝ ኮዱ አይደለም። የትኛው ፓነል (የስክሪኑ አንድ ክፍል) ላይ ኤክስ፣ ማለትም መዝጊያው ምልክት፣ ይኑር፣ የትኛው ላይ አይኑር የሚለው ነው።

መሀል ላይ ሽያጩ አለ። በግራ መድኃኒት መፈለጊያው፣ በቀኝ የዱቤ ደንበኞች። ከታች ደግሞ የመጠቀሚያ ጊዜያቸው ሊያልፍ የተቃረበ መድኃኒቶች ዝርዝር። የላፕቶፑ ስክሪን 1366 በ768 ፒክስል ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ተደርድሮ ለሽያጩ የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው።

የምሠራው በኪውት (Qt) ነው፤ መስኮትና ፓነል ያላቸው ፕሮግራሞች የሚሠሩበት መሣሪያ ነው። ኪውት ለእያንዳንዱ ፓነል ሦስት ፈቃድ አለው፤ መዘጋት፣ ቦታ መቀየር፣ ከዋናው መስኮት ተነጥሎ መውጣት። ካልነካችሁት ሦስቱም ተፈቅደዋል። ብዙ ፕሮግራም ላይ ሁሉም ፓነል ኤክስ ያለው ማንም ቁጭ ብሎ ስላልወሰነበት ይመስለኛል።

ፓነል ሲዘጋ ይደበቃል እንጂ አይጠፋም። ይህን ግን ፕሮግራመሩ ነው የሚያውቀው። ፎቶሾፕ የሚሠሩ ልጆችን ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲው ሊያስመርቅ ሲል፣ ባነር በሚጣደፍበት ሰዓት፣ የሌየር (የምስሉ ንብርብሮች) ፓነሉ ከተሰወረ ሥራ ይቆማል። ኤፍ 7 ብትነካ ተመልሶ ይመጣል። ታብ የምትባለው ቁልፍ ተነክታ ፓነሉ ሁሉ ሲደበቅ «ፎቶሾፑ ተበላሸ» ተብሎ እንደ አዲስ ሲጫን አይቻለሁ።

ወደ መድኃኒት ቤቱ ልመለስ። ጠዋት የምትገባው ፋርማሲስት «ወንድሜ፣ ይቺን የታችኛዋን አንሳልኝ፤ ሰው ተሰልፎ ቦታ ትይዝብኛለች» አለችኝ። እውነቷን ነው። ባለቤቱ ጋሼ ደግሞ «እሷማ እንዳትነካ! ጊዜው ያለፈ መድኃኒት ሰው እጅ ከገባ ምን ይውጠኛል?» አሉኝ። እሳቸውም እውነት አላቸው።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ኮምፒውተሩ አንድ ነው፤ ተረኞቹ ሁለት ናቸው። ጠዋት እሷ ብትዘጋው ፕሮግራሙ አቀማመጡን ያስታውሳል፤ ከሰዓት የሚገባው ልጅ እንደተዘጋ ያገኘዋል። መኖሩን የማያውቀውን ነገር ሜኑ ውስጥ ገብቶ እንዴት ይፈልገዋል? የዘጋው አንዱ፣ የሚጎዳው ሌላው።

ስለዚህ መለኪያዬን ቀየርኩ። «ይህ ፓነል ምን ያህል ያስፈልጋል?» አልልም። «ሲዘጋ ማን ነው የሚያጣው?» እላለሁ። መፈለጊያውን የዘጋ ሰው ቀጣዩ ደንበኛ ሲመጣ ራሱ ይፈልገዋል፤ ስለዚህ ይዝጋው። የመጠቀሚያ ጊዜውን ዝርዝር ግን ማንም ብሎ ፈልጎ አይከፍተውም። እሱ ነው መጥቶ «እየኝ» ማለት ያለበት። ኤክሱን አነሳሁለት፤ ተነጥሎ መውጣቱንም ከለከልኩ። በምትኩ ታጥፎ አንድ ቀጭን መስመር ይሆናል። መስመሩ ላይ «በ90 ቀን ውስጥ የሚያልፍባቸው» የሚል ጽሑፍና ቁጥር ብቻ ይቀራል። እሷ ቦታዋን አገኘች፤ ቁጥሩም ከጋሼ ዓይን አልጠፋም።

«ተጠቃሚው ያሻውን ይዝጋ፣ ኮምፒውተሩ የራሱ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። በራሴ ላፕቶፕ ላይ እስማማለሁ። ኮድ የምጽፍበት ቪኤስ ኮድ ላይ ኮንትሮል ቢ እየነካሁ የጎኑን ፓነል ቀኑን ሙሉ ስከፍትና ስዘጋ ነው የምውለው። የመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ያለ ኮምፒውተር ግን የአንድ ሰው አይደለም።

ለዚህም ብዬ አቀማመጡ በማሽኑ ሳይሆን በገባው ሰው ስም እንዲቀመጥ አደረግኩ። (ኪውት ላይ ለምትሠሩ፦ ለእያንዳንዱ ፓነል የራሱ ስም ካልሰጣችሁት አቀማመጡ ተመልሶ አይመጣም።) «እይታ» የሚለው ሜኑ ውስጥም «ወደ መጀመሪያው መልስ» የሚል አለ።

ያከራከረን የዱቤው ፓነል ነው። ስክሪኑ ከባንኮኒው ማዶ ለቆመ ሰው ይታያል። አንድ ደንበኛ የጎረቤቱን ዕዳ ማንበብ የለበትም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲከፈት ጀምሮ ይህ ፓነል ዝግ ነው። ሲፈለግ ይወጣል፤ ሽያጩ ሲያልቅ ራሱ ይዘጋል። ኤክሱንም ከሌሎቹ ተለቅ አድርጌዋለሁ።