ከሀዋሳ እስከ ናይቫሻ፦ የስምጥ ሸለቆን ተከትሎ ጎልፍ ፍለጋ

ጎልፍ የለመድኩት አዲስ አበባ ነው። ሥራ ወደ ሀዋሳ ካመጣኝ ወዲህ ግን ለአንድ ዙር ጨዋታ 275 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን መጓዝ ግድ ሆነብኝ። ይህንን ሁልጊዜ የሚሰሙት፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ የጨዋታ ባልደረባዬ አንድ እሑድ፣ «ልጄ፣ መንገዱ እኮ ወደ ደቡብም ይሄዳል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው አስፋልት የካይሮ–ኬፕታውን አውራ ጎዳና አካል ሲሆን፣ ሞያሌን ከተሻገረ በኋላ ከ30 በላይ የጎልፍ ሜዳዎች ወዳሉባት ኬንያ ይዘልቃል።

ዲላን፣ ይርጋ ጨፌን፣ ቡሌ ሆራንና ያቤሎን አልፎ ሞያሌ የሚያደርሰው ጉዞ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኢትዮጵያውያን ኬንያ ለመግባት ቪዛ ስለማይጠየቁ ድንበሩ ላይ ብዙ አልቆየንም፤ ያቆየን ሻንጣችን ነበር። ፈታሹ የጎልፍ ዱላዎቹን አንድ በአንድ እያወጣ ካገላበጠ በኋላ ለምን ሁለት ሰው ይህን ሁሉ ዱላ እንደሚይዝ ጠየቀን፤ ባልደረባዬም እያንዳንዱ ለየትኛው ርቀት እንደሚያገለግል በቦረንኛ ሲያስረዱት ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ ትምህርቱን ተከታተለ።

ማርሳቢትንና ኢሲዮሎን አልፈን መጀመሪያ የተጫወትነው ናንዩኪ ላይ፣ በኬንያ ተራራ ግርጌ በሚገኘውና የሆሊውዱ ተዋናይ ዊልያም ሆልደን ከሸሪኮቹ ጋር በ1959 እ.ኤ.አ. ባቋቋመው የማውንት ኬንያ ሳፋሪ ክለብ ነው። ሜዳው 9 ቀዳዳ ብቻ ያለው ሲሆን የምድር ወገብ በመካከሉ ያልፋል፤ ስለዚህም ተጫዋቹ በአንድ ዙር ከሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ወደ ደቡቡ ይሻገራል። ይህ ለፎቶግራፍ ደስ ይላል እንጂ ለጨዋታው የሚጨምረው ነገር የለም። የሚጨምረው ከፍታው ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ኳሷ ከለመድነው ርቃ ትወድቃለች። ከባሕር ዳርቻ የመጣ ተጫዋች ይህን እስኪለምድ ይቸገራል፤ 1,700 ሜትር ላይ ለምንኖር ለእኛ ግን ልዩነቱ አንድ ደረጃ አጭር ዱላ ከመምረጥ አያልፍም።

ከሁሉም ያስቀደምኩት ቀጥሎ የሄድንበትን፣ ከናይቫሻ ሐይቅ በላይ በኢቡሩ ተራራ ተዳፋት ላይ የተዘረጋውን የግሬት ሪፍት ቫሊ ሎጅ ባለ 18 ቀዳዳ ሜዳ ነው። ምክንያቴ መልከዓ ምድሩ ብቻ አይደለም፤ ሆኖም እሱን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ከታች ሐይቁ፣ ከሐይቁ ማዶ 2,776 ሜትር ከፍታ ያለው የሎንጎኖት እሳተ ገሞራ ይታያል። ናይቫሻ እንደ ሀዋሳ ሐይቅ በዚያው በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚገኝ፣ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ሳይኖረው ውኃው ጨው ያልሆነ፣ ጉማሬም የሚኖርበት በመሆኑ፣ የታቦር ተራራ ላይ ሆኖ ሐይቃችንን ቁልቁል ለሚያይ ሰው አገሩ ያለ ይመስለዋል። የሜዳው ዋና ብልጫ ግን ተዳፋቱን ሳይደለድሉ መተዋቸው ነው። ቁልቁል ሲመቱ ኳሷ አየር ላይ ስለምትቆይ ርቀቱን አሳንሶ መገመት ያስፈልጋል፤ ሽቅብ ሲመቱ ደግሞ ባንዲራው ቅርብ መስሎ ያታልላል፤ ሜዳ ላይ ቆመውም ኳሷ ከእግር በላይ ወይም በታች ስለምትውል አቋቋምን በየምቱ መለዋወጥ ግድ ነው። ባልደረባዬ ጉልበታቸው ከእኔ ያነሰ ቢሆንም ሲመቱ ስለማይቸኩሉ በዚህ ሜዳ በሰፊው በለጡኝ። በመካከል የሜዳ አህዮች ሲያቋርጡን ቆመን ማሳለፍ ነበረብን፤ ለዚህም ሕግ መኖር አለመኖሩን ካዲያችንን (ዱላችንን የሚሸከምልንንና የሚያማክረንን ሰው) ስንጠይቀው ቅድሚያ የእነሱ ነው አለን።

ናይሮቢ የታሪክ ከተማ ናት። ሮያል ናይሮቢ የጎልፍ ክለብ የተመሠረተው በ1906 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዛሬ አጥሩ ከኪቤራ ሰፈር ጋር ይዋሰናል፤ የተስተካከለው ሣርና የተጨናነቀው የቆርቆሮ ጣራ ጎን ለጎን ሲታዩ ማንም ቢሆን ጨዋታው ላይ ብቻ ማተኮር ይከብደዋል። በ1967 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኬንያ ኦፕን የጎልፍ ውድድር በቅርብ ዓመታት የተካሄደባቸው ሙታይጋና ካረን ከሁሉም ይልቅ የተሟሉ ሜዳዎች ናቸው። ሴቬ ባሌስቴሮስ በ1978፣ ኢያን ዉስናም በ1986 እ.ኤ.አ. ይህን ውድድር አሸንፈዋል። ከሁለቱ ሜዳዎች እኔ ሙታይጋን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ግሪኖቹ፣ ማለትም በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ሣራቸው በአጭሩ የተከረከመው ቦታዎች፣ ኳሷን በፍጥነት ስለሚያንከባልሉ ጉልበተኛውን ከጥንቁቁ ይለያሉ። ዊንዘር የተባለው የናይሮቢ ሜዳ ደግሞ በደን የተከበበ ሲሆን፣ በዛፎቹ ላይ የሚዘሉት ጉሬዛዎች ከሀዋሳው አሞራ ገደል ለሄድን ሰዎች እንግዳ አይደሉም።

ከሞምባሳ በስተ ሰሜን ያለውን ቪፒንጎ ሪጅን ብዙዎች ያደንቁታል። ሜዳው ሰፊና በጥንቃቄ የተያዘ ነው፤ ይሁን እንጂ ከውቅያኖሱ የሚመጣው ነፋስና የአየሩ ክብደት ተደምረው ምታችንን ሁሉ አሳጠሩት፤ ሙቀቱም ለደጋ ሰው አይመችም።

ይህን መንገድ ለሚያስብ የሀዋሳ ሰው የምመክረው ወቅትን ነው። በኬንያ ዋናው የዝናብ ወቅት ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። የእኛ ክረምት በሚበረታባቸው በሐምሌና በነሐሴ ግን የናይሮቢ ሰማይ ቢደምንም ዝናቡ ጥቂት ስለሆነ መሬቱ ደረቅ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሹራብ ያስፈልጋል። በነባሮቹ ክለቦች እንግዳ ለመቀበል የአባላት ጨዋታ የሌለበትን ሰዓት ስለሚመርጡ አስቀድሞ መደወል፣ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ መልበስ፣ የሃንዲካፕ (የተጫዋቹን የችሎታ ደረጃ የሚያሳይ ቁጥር) ማስረጃም መያዝ ተገቢ ነው። ካዲ ደግሞ ሁልጊዜ ይቀጠር፤ በሙታይጋ ግሪን ላይ የኳስን አካሄድ በራሴ ዓይን ከለካሁት ይልቅ ካዲዬ በጣቱ ያሳየኝ መስመር ብዙ ጊዜ ትክክል ነበር።