የአሜሪካ ወግ አጥባቂ ፖለቲካን የሚተቹ መጻሕፍት፦ እስከ አሁን ያነበብኩት

የአሜሪካን ወግ አጥባቂ ፖለቲካ የሚተቹ መጻሕፍትን በተርታ ማንበብ ከጀመርኩ ቆየሁ። የት ደረስክ እያላችሁ የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ፣ የትኛው እንደጠቀመኝና ከየትኛው መጀመር እንደሚሻል ላካፍላችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። እዚህ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ቡና ላይ ይሁን ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ የሪፐብሊካንና የዴሞክራት ክርክር አይጠፋም፤ ግን ብዙ ጊዜ ክርክራችን ከስልክ ላይ ከታየ ቅንጭብ ቪዲዮ አያልፍም። እኔ ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ፈለግኩ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ወግ አጥባቂዎችን የሚሰድብ መጽሐፍ ሞልቷል፤ እሱን አልመክርም። «እነዚህ ሰዎች ሞኞች ናቸው» ብሎ የሚጀምር ጸሐፊ መጨረሻው ገጽ ላይም ከዚያ የተሻለ ነገር አይነግራችሁም። የጠቀመኝ ሰዎቹ ቤት ድረስ ሄዶ፣ ቁጭ ብሎ አዳምጦ፣ ከዚያ በኋላ የሚተች ነው።

ስለዚህ በአርሊ ሆክሺልድ «ስትሬንጀርስ ኢን ዜር ኦውን ላንድ» ጀምሩ። የወጣው በ2016 ነው። ሴትዮዋ የበርክሌይ ሶሲዮሎጂስት ናት፣ አቋሟም ግራ ዘመም ነው። ለአምስት ዓመት ያህል ወደ ሉዊዚያና፣ ሌክ ቻርልስ አካባቢ እየተመላለሰች ከቲ ፓርቲ (ግብርንና የመንግሥትን ጣልቃ ገብነት የሚቃወም የወግ አጥባቂዎች ንቅናቄ) ደጋፊዎች ጋር በላች ጠጣች። ጥያቄዋ ግልጽ ነው፦ የኬሚካል ፋብሪካ ውሃቸውንና ዓሣቸውን የመረዘባቸው ሰዎች ፋብሪካውን የሚቆጣጠረውን መንግሥት ለምን ይጠላሉ?

እዚያ ውስጥ አንድ ሰው አለ፣ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ። የቀድሞ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። አለቆቹ አዘውት መርዛም ቆሻሻውን በድብቅ ወንዝ ውስጥ ሲደፋ ነበር። በኬሚካሉ ታሞ ሲቀር ከሥራ ተባረረ። በኋላ ዓሣው እንዳይበላ ተብሎ አጥማጆች በቁጣ በተሰበሰቡበት አዳራሽ መድረክ ላይ ወጣና «ወንዙ ውስጥ የደፋሁት እኔ ነኝ» የሚል የካርቶን ጽሑፍ ከፍ አድርጎ ያዘ። ይህ ሰው ከዓመታት በኋላ የአካባቢ ጥበቃ ደንብን ለሚቃወም ፓርቲ ምልክት ሲተክል ታገኙታላችሁ። ቁጣው የት ሄዶ እንዳረፈ ልብ በሉ። ደራሲዋ አትስቅበትም፣ አታሽሞነሙነውም። እየተከተለች ትጠይቀዋለች፤ ግብሩን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ድርጅቶቹ የሠሩበትን ሁሉ።

የመጽሐፉ እምብርት ግን የወረፋው ታሪክ ነው። ሰዎቹ በልባቸው የያዙትን ስሜት በአንድ ታሪክ ጠቅልላ መልሳ ስትነግራቸው «አዎ፣ ይሄ የኔ ነው» አሏት። ታሪኩ እንዲህ ነው። ወደ ኮረብታ የሚወጣ ረጅም ወረፋ አለ፤ ከኮረብታው ወዲያ የተሻለ ኑሮ አለ። እነሱ ዕድሜ ልካቸውን በሥርዓት ቆመዋል፣ ወረፋው ግን አይንቀሳቀስም። በዚህ መሃል ከፊት ለፊታቸው ሰዎች ይገባሉ፤ ጥቁሮች፣ ሴቶች፣ ስደተኞች። መንግሥት ደግሞ ለሚገቡት እጁን የሚዘረጋ ይመስላቸዋል።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ። ወረፋ ሰብሮ የገባ ተብሎ የተጠቀሰው እኮ እኔ ነኝ! በዲቪ የመጣ፣ በጥገኝነት የመጣ፣ በቤተሰብ የመጣ፣ ሁላችንም እዚያ ታሪክ ውስጥ አለን። ታሪኩ ስሜታቸውን በትክክል ይናገራል፣ እውነታውን ግን አይናገርም፤ ወረፋውን ያቆመው ከኋላ የመጣ ሰው ሳይሆን ከላይ የተዘጋው በር ነው። ደመወዝ ለምን እንዳላደገ፣ የሠራተኛ ማኅበራት ለምን እንደተዳከሙ፣ ግብር ለማን እንደተቀነሰ ማየት ያስፈልጋል። የሚገርመው ደግሞ ዲቪን የፈጠረውን የ1990 ሕግ የፈረሙት ሪፐብሊካኑ አባትየው ጆርጅ ቡሽ ናቸው። ከዚያ በፊት በ1986 ሌላው ሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙት ሕግ ወደ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ሰነድ አልባ ሰዎችን ሕጋዊ አድርጓል። ፓርቲው ከዚያ ተነስቶ ዛሬ ያለበት እንዴት ደረሰ የሚለው ጥያቄ ነው ወደ ቀጣዮቹ መጻሕፍት የወሰደኝ።

ስለ ገንዘቡ ጄን ሜየርን አንብቡ፤ «ዳርክ መኒ»፣ እሱም የ2016 ነው። ስለ ቢሊየነሮቹ ኮክ ወንድማማቾችና አብረዋቸው ስለተደራጁ ባለሀብቶች ነው። ከባድ ነው፣ ስም ይበዛበታል፣ ቀስ ብላችሁ ሂዱበት። ከመጽሐፉ የያዝኩት ዋናው ነገር፣ እነዚህ ሰዎች ገንዘባቸውን ለዕጩዎች ብቻ እንዳልሰጡ ነው። የጥናት ተቋም፣ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍል፣ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ «ሕዝባዊ» የሚመስል ንቅናቄ፣ ሁሉንም ለዓመታት በትዕግሥት ገነቡ። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሲቲዝንስ ዩናይትድ በተባለው መዝገብ ለምርጫ ቅስቀሳ የሚወጣውን የኩባንያ ገንዘብ ልጓም ሲፈታው መንገዱ ወለል አለ። ለ2016ቱ ምርጫ የኮኮች መረብ ሊያወጣ ያቀደው 889 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

የቶማስ ፍራንክን የካንሳስ መጽሐፍ («ዋትስ ዘ ማተር ዊዝ ካንሳስ»፣ 2004) ብዙ ሰው መጀመሪያ ያነበዋል። ጥሩ ጸሐፊ ነው፣ ያደገውም እዚያው ካንሳስ ስለሆነ አገሩን ያውቀዋል። ሐሳቡ፣ ፖለቲከኞቹ በፅንስ ማቋረጥና በመሰል ጉዳዮች ድምፅ ይሰበስቡና ሲመረጡ የሀብታም ግብር ይቀንሳሉ የሚል ነው። ላሪ ባርትልስ የተባለ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ግን ቁጥር ይዞ ሞግቶታል፤ ከደቡብ ውጭ ያሉ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ነጮች እንደተባለው ዴሞክራቶችን ጥለው አልሄዱም ብሎ። ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቡ። ካንሳስ ራሷም ከመጽሐፉ በኋላ ብዙ አሳይታለች። በ2012 ገዥው ሳም ብራውንባክ ግብሩን ክፉኛ ቆረጡ፤ በጀቱ ተናጋ፣ ትምህርት ቤቶች ተጨነቁ፣ በ2017 በሪፐብሊካን የሚመራው የራሳቸው ምክር ቤት ቬቷቸውን ሽሮ ቅነሳውን ቀለበሰው። በ2022 ደግሞ የፅንስ ማቋረጥ መብትን ከክልሉ ሕገ መንግሥት ለማውጣት የቀረበውን ሐሳብ 59 በመቶ ገደማ የሚሆነው ድምፅ ሰጪ ውድቅ አደረገው። ካንሳስን በደምሳሳው መፈረጅ አይቻልም።

በጣም የነካኝ የሄዘር ማጊ «ዘ ሰም ኦፍ አስ» (2021) ነው። አላባማ፣ ሞንትጎመሪ ውስጥ ኦክ ፓርክ የሚባል መናፈሻ ነበር፣ ትልቅ የሕዝብ መዋኛ ገንዳ ያለው፣ ለነጮች ብቻ። ፍርድ ቤት ለጥቁሮችም ክፈቱ ሲላቸው ከተማዋ በ1959 መናፈሻዎቿን በሙሉ ዘጋች። ገንዳው ውሃው ተለቆ ተደፈነ። መናፈሻው ከዓመታት በኋላ ሲከፈትም ገንዳው ዳግም አልተሠራም። የነጭ ልጆችም መዋኛ አጡ እኮ! ጎረቤት እንዳይዋኝ ብለው የራሳቸውን ልጅ ከለከሉ። ጃክሰን፣ ሚሲሲፒ ውስጥ የሆነው ተመሳሳይ ነገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1971 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ «ለሁሉም እኩል ከተዘጋ ችግር የለውም» ተባለ። ማጊ ከዚህ ተነስታ የጤና መድን፣ የኮሌጅ ክፍያና የቤት ብድር ታሪክ ውስጥ ያንኑ ገንዳ እየፈለገች ታሳየናለች። አንዳንዱ ቦታ ላይ ክሩ ይሳሳል፤ ሁሉንም ነገር በዘር ብቻ መፍታት አይቻልም። ስለ ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን) የጻፈችውን ግን ቴክሳስ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች አንብቡት። ክልሉ እስከ አሁን አላሰፋውም፤ ያለ መድን የሚሠራ ወገን እዚያ ምን ያህል እንደሚቸገር ታውቃላችሁ።

አማኝ ለሆናችሁ ክሪስቲን ኮቤስ ዱ ሜይን እመክራለሁ፤ «ጂሰስ ኤንድ ጆን ዌይን»፣ 2020። (ጆን ዌይን የካውቦይ ፊልሞች ተዋናይ ነበር።) ሴትዮዋ ራሷ ክርስቲያን ናት፣ የምታስተምረውም ሚሺጋን ውስጥ ባለ የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ስለዚህ ትችቱ ከቤት ውስጥ የመጣ ነው። ነጭ ወንጌላውያን ትራምፕን የመረጡት ተታለው ነው ወይም ሁለት ክፉ ገጥሟቸው ነው የሚለውን አትቀበልም፤ የኃይለኛ ወንድ አምልኮ ለአሥርት ዓመታት በመጽሐፍ፣ በሬዲዮና በስብከት ሲዘራ ቆይቷል ትላለች። ስለ ፅንስ ብቻ ብዬ ነው የምመርጠው የሚሉ እህት ወንድሞቻችን ይህን አንብበው ቢመልሱልኝ ከልቤ እሰማቸዋለሁ።

ለታሪኩ ሪክ ፐርልስቲን። «ቢፎር ዘ ስቶርም» (2001) ስለ ባሪ ጎልድዋተር ነው። በ1964ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ለሪፐብሊካን ተወዳድሮ በዴሞክራቱ ሊንደን ጆንሰን ክፉኛ ተሸነፈ፤ ያሸነፈው ስድስት ክልል ብቻ ነው፣ የራሱን አሪዞናንና አምስት የደቡብ ክልሎችን። የዘር መድልዎን የከለከለውን የ1964ቱን የሲቪል መብት ሕግ ተቃውሞ ድምፅ የሰጠ ሰው መሆኑን አስታውሱ። ፐርልስቲን ግራ ዘመም ሆኖ ሳለ፣ ፖስታ ሲያሽጉና በር ሲያንኳኩ የነበሩትን ተራ ደጋፊዎች በአክብሮት ነው የሚጽፋቸው፤ ወግ አጥባቂ ጸሐፊዎችም አመስግነውታል።

የናንሲ ማክሊንን «ዴሞክራሲ ኢን ቼይንስ»፣ ስለ አክራሪው ቀኝ ክንፍ ሐሳብ አመጣጥ የጻፈችውን፣ ግን ለኋላ አቆዩት። ጥሩ ይነበባል፣ ነገር ግን ጥቅሶችን ከአገባባቸው አውጥታለች ብለው ብዙ ምሁራን ሞግተዋታል። እኛን የሚያስደስት መጽሐፍም መፈተን አለበት።

ከሌላው ወገን ቢያንስ አንድ ያዙ። እኔ ዩቫል ሌቪን የጻፈውን «ዘ ግሬት ዲቤት» (2013) አነበብኩ፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አሳቢዎች፣ ለወግ በቆመው በኤድመንድ በርክና ለአብዮት በቆመው በቶማስ ፔይን መካከል የነበረውን ክርክር ያስረዳል። ለውጥ ቀስ ይበል፣ የወረስነውን አንናድ የሚለው ሐሳብ በጨዋ ሰው አፍ ሲነገር ምን እንደሚመስል ታያላችሁ። ያኔ ሞንትጎመሪ ላይ ገንዳ የደፈኑት ሰዎች ከዚህ ሐሳብ ምን ያህል እንደራቁ ይገባችኋል።

አሠራሬን ለጠየቃችሁ፦ የላይብረሪ ካርድ አውጡ፣ ነፃ ነው። ከላይብረሪው መጽሐፍ በስልክ የሚያበድረውን ሊቢ የሚባለውን አፕ አውርዱ፤ አብዛኞቹ በድምፅ አሉ፣ መኪና እየነዳችሁ ትሰማላችሁ። ተፈላጊዎቹ ስለሚያዙ ቀድማችሁ ተመዝገቡ። ሜየርን ግን በድምፅ አትሞክሩት፣ ስሞቹ ያምታታሉ። እያንዳንዱን ምዕራፍ ስጨርስ በአማርኛ ሦስት ነገር እጽፋለሁ፤ ማን ተጠቀመ፣ ማን ተጎዳ፣ ጸሐፊው ይህን እንዴት አወቀ። ሦስተኛው ላይ መልስ ሳጣ መጽሐፉን በጥርጣሬ ማየት እጀምራለሁ።

አሁን የያዝኩት የፐርልስቲንን «ኒክሰንላንድ» ነው፣ ስለ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ዘመን የጻፈውን። ወፍራም ነው፣ ገና ግማሹ ጋ አልደረስኩም። አብሮኝ ማንበብ የሚፈልግ ካለ ከ1965ቱ የዋትስ (የሎስ አንጀለስ ጥቁሮች ሰፈር) ብጥብጥ ምዕራፍ ጀምረን በየሳምንቱ እየተደዋወልን መወያየት እንችላለን።